ፕላቶ፣ ሙሉ ዓሣ፣ ቡያቤስ ወይስ የሼፉ ሜኑ? ከፍ ያለ የፈረንሳይ የባሕር ምግብ ቤት አመራረጥ

ከፍ ያለ የፈረንሳይ የባሕር ምግብ ቤት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ኮከብ በመቁጠር ይጀምራል። የምግብ ቤት መመሪያው ሚሸሊን ለዚህኛው ስንት ሰጠ? ያኛው ስንት አለው? ኮከቡ የወጥ ቤቱን ችሎታ ይመሰክራል እንጂ እርስዎ ምን መብላት እንደሚወዱ አያውቅም። ባለ ሦስት ኮከብ ቤት ገብቶ ሆዱ ሳይሞላ፣ አንጀቱ ሳይርስ የሚወጣ ሰው አለ። ኮከብ የሌለው ብራስሪ (ሰፊና ሞቅ ያለ የፈረንሳይ ምግብ ቤት) ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሸርጣን ሲሰብር አምሽቶ ደስ ብሎት የሚሄድ አለ።

ስለዚህ ቤቱን ለጊዜው እንተወውና ገበታውን እንምረጥ። ገበታው አራት ዓይነት ነው፤ በበረዶ ላይ የሚደረደር ቀዝቃዛ ትሪ (ፕላቶ)፣ ከነአጥንቱ የበሰለ ሙሉ ዓሣ፣ ሾርባውና ዓሣው ለየብቻ የሚቀርብበት የማርሴይ ቡያቤስ፣ እና ሼፉ ራሱ ቀምሮ በተራ የሚያወጣው ባለብዙ ሳህን ሜኑ። የአራቱ ሂሳብ አቆጣጠር አንድ አይደለም። ፕላቶው በፍሬ፣ ዓሣው በግራም፣ ቡያቤሱ በሰው፣ የሼፉ ሜኑ ደግሞ በቁርጥ ዋጋ ነው። የሚበላሹበትም ምክንያት ለየቅል ነው። ይህን አስቀድሞ የለየ ሰው ቤት ለመምረጥ አይቸገርም።

ፕላቶ፦ ቀዝቅዞ ቀርቦ ብዙ የሚያስከፍለው

ሙሉ ስሙ ፕላቶ ደ ፍሩዊ ደ ሜር ነው። በተፈጨ በረዶና በባሕር አረም ላይ ኦይስተር (በዛጎሉ ውስጥ ጥሬውን የሚበላ የባሕር ፍጥረት)፣ ሽሪምፕ፣ ላንጉስቲን (ቀጭን ትንሽ ሎብስተር መሳይ)፣ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ መሳይ የባሕር ፍጥረታት ተደርድረውበት በብረት ማቆሚያ ላይ ይመጣል። ቦታው ትልልቆቹ ብራስሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1927 ፓሪስ ሞንፓርናስ ውስጥ የተከፈተው ላ ኩፖል የዚህ ዓይነቱ ቤት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ አዳራሹ ሰፊ፣ ጫጫታው ብዙ፣ አስተናጋጁ ፈጣን። ጸጥ ያለ እራት የሚፈልግ ሰው ወደዚህ ባይመጣ ይሻለዋል።

ሲገቡ መጀመሪያ ኤካዬውን ይፈልጉ። ኤካዬ ማለት ዛጎል ከፋች ነው፤ ብዙ ጊዜ ከበሩ አጠገብ በረዶ የተሞላ መደርደሪያ ይዞ ይቆማል። ቤቱ የራሱ ኤካዬ ካለው ኦይስተሩ የሚከፈተው እርስዎ ካዘዙ በኋላ ነው። ከሌለው ቀደም ብሎ ተከፍቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ ሊመጣልዎ ይችላል፤ ልዩነቱም ምላስ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኦይስተር ቁጥር ነው። በፈረንሳይ ጎድጓዳው ኦይስተር ከ0 እስከ 5 ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኦይስተሩ ይተልቃል። ቁጥር 5 ከነዛጎሉ ከ30 እስከ 45 ግራም፣ ቁጥር 3 ከ66 እስከ 85 ግራም ይመዝናል፤ ቁጥር 0 ደግሞ ከ150 ግራም በላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው «ትልቁን ስጡኝ» ብሎ ቁጥር 1 ቢያዝ አፉን የሚሞላ ለስላሳ ነገር ይገጥመዋል፤ ከዚያ በኋላ ኦይስተር ዳግመኛ አያሰኘውም። ለጀማሪ ልኩ ቁጥር 3 ነው፣ ቢበዛ 4። ጠፍጣፋው ዓይነት፣ ማለትም የብሪታኒው ቤሎን፣ የራሱ ቁጥር አለው፤ ትልልቁ በዜሮ ይቆጠራል፣ ዜሮው ሲበዛም ይተልቃል። ብረት ብረት የሚል ጠንካራ ጣዕም ስላለው ለለመደው ይቆይለት።

ቁጥሩ የሚነግረን መጠኑን ብቻ ነው። የሥጋውን ሙላት የሚነግረን ሌላ ቃል አለ። የማሬን-ኦሌሮን ኦይስተር ከባሕር ከወጣ በኋላ ክሌር በሚባል ጥልቀት በሌለው የጨው ውኃ ኩሬ ውስጥ ይቆያል። «ፊን ደ ክሌር» የተባለው ሥጋው ሳሳ ያለ፣ ውኃው የበዛ፣ ባሕር ባሕር የሚል ነው። «ስፔሲያል ደ ክሌር» ለመባል ከእያንዳንዱ 100 ግራም ጠቅላላ ክብደት ከ10.5 ግራም በላይ ሥጋ ሊኖረው ይገባል፤ ጠንከር፣ ጣፈጥ ይላል። «ፑስ ኦን ክሌር» የሚባለው ለወራት በጣም ተራርቆ የተቀመጠ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ቤቱ በግማሽ ደርዘን የሚሸጥ ከሆነ ሦስት ፊን፣ ሦስት ስፔሲያል አድርገው ይዘዙ። ልዩነቱን ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር ነገር የለም።

ሲቀርብልዎ ቸኩለው አይዋጡ። በትንሿ ሹካ ጫፍ ጥቁሩን ጠርዝ ነካ ያድርጉት፤ ሕያው ከሆነ ሸሸት፣ ኮምተር ይላል። ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበትም እንዲሁ ነው። ዛጎሉ ውስጥ ንጹሕ ውኃ መኖር አለበት፤ የደረቀ፣ ዝም ያለ ወይም ሽታው የከበደ ከሆነ መልሱት፤ ደንበኛ ቤት ያለ ክርክር ይቀይርልዎታል። ብዙ ፈረንሳዮች የመጀመሪያውን ውኃ ያፈሱታል፤ ኦይስተሩ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ያወጣል፤ ሁለተኛው ጨዉ የለዘበና የተሻለ ነው። ከዚያ በሹካው ከሥሩ አላቅቀው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አኝከው ይዋጡ። ሳያኝኩ መዋጥ የፊልም ወግ ነው፤ ጣዕሙ ያለው ማኘኩ ላይ ነው። ቁርጥ የለመደ ሰው ጥሬነቱ አያስደነግጠውም፤ ግር የሚለው ልስላሴውና ጨውነቱ ነው፣ አዋዜም የለም። ከጎኑ የሚመጣው በደቃቁ የተከተፈ ሻሎት (ትንሿ የፈረንሳይ ሽንኩርት) ያለበት አቼቶ፣ የአጃ ዳቦና ጨው ያለው የገበታ ቅቤ ነው። አቼቶውን ጠብታ ብቻ ያድርጉ፤ ሲበዛ ኦይስተሩን ይውጠዋል።

ወቅትም አለው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ኦይስተር ስለሚራባ ወተት መሳይ ነገር ይሞላዋል። ጉዳት ሆኖ ሳይሆን አፍ ውስጥ ይከብዳል፤ ብዙ ሰው አይወደውም። ትሪፕሎይድ የሚባሉት የማይራቡ ዝርያዎች ግን በበጋቸውም እንደዚያው ይቆያሉ። በሐምሌ ፓሪስ ከሆኑ «ወተታም ያልሆነ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

የቀረው ትሪ ላይ ገንዘብዎ የት እንደሚሄድ ይዩ። ቡሎ የሚባለው የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ቢጎርኖ የሚባለው ጥቁር ትንሽዬው እና ሙል (ጥቁር ባለ ሁለት ዛጎሉ) ርካሽ ናቸው፤ ቸልተኛ ቤት ትሪውን በእነሱ ይሞላና ግርማ ያለብሰዋል። ስለዚህ ሜኑው ላይ ሦስት ነገር ቆጥሩ፤ ስንት ኦይስተር፣ ስንት ላንጉስቲን፣ ሸርጣኑ ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ? «ሯያል» የሚል ቅጽል ሲጨመርበት አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሎብስተር ገብቷል ማለት ነው፤ ሎብስተሩ ደግሞ የብሪታኒው ሰማያዊ ይሁን የካናዳው ይጠይቁ፤ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ለሁለት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ትልቁን ትሪ ትቶ በተናጠል ማዘዝ ነው። አሥራ ሁለት ኦይስተር፣ አንድ ቱርቶ (ቡናማው ትልቅ ሸርጣን) እና ለሁለት የሚሆን ሽሪምፕ ያጠግባል።

ኦይስተሩን አስቀድሙ፣ በረዶው ሳይቀልጥ። ሸርጣኑን መጨረሻ ያድርጉት፤ ጊዜ የሚፈጀው እሱ ነውና። ቡሎውን በማዮኔዝ እየነከሩ ይበሉታል፤ እንደ ጎማ ከተጎተተ ከልክ በላይ ፈልቷል። ላንጉስቲኑ ራሱ ከጠቆረ፣ ሥጋውም ዱቄት ዱቄት ካለ የቆየ ነው። ረጅሙ ቀጭን ብረት የሸርጣኑን እግር ሥጋ ማውጫ፣ መርፌዋ የቢጎርኖ፣ ሎሚ የተንሳፈፈበት ሳህን ደግሞ የእጅ መታጠቢያ ነው። ይህን የመጨረሻውን ሾርባ መስሎት ማንኪያ የሰደደ ሰው ብቻውን አይደለም።

ሙሉ ዓሣ፦ ሚዛኑን ሳያዩ አይዘዙ

ሁለተኛው ገበታ ሶል፣ ቱርቦ፣ ባር ወይም ሰን-ፒዬር ከነአጥንቱ የሚበስልበት ነው። ሞንፓርናስ ያለው ለ ዶም በዚህ የታወቀ ቤት ነው። ዓሣ በአጥንቱ ላይ ሲበስል ጭማቂውን ይይዛል፤ ስለዚህ ፊሌ (አጥንቱ የወጣለት ቁራጭ) ከሚያቀርብ ቤት ይልቅ ሙሉውን የሚያበስል ቤት ይመረጣል።

ወጥመዱ ሜኑው ላይ ነው። ከዓሣው ስም አጠገብ ዋጋ ካዩ በኋላ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ለ100 ግራም» የሚል ይኖራል። አንዳንዱ ጋ ቁጥርም የለም፤ «እንደ ትልቅነቱ» የሚል ምህጻረ ቃል፣ ኤስ ጄ፣ ብቻ ተጽፏል። ለምሳሌ 12 ዩሮ የሚለውን አይተው ባር ያዘዙ ሁለት ሰዎች 900 ግራም ዓሣ ቢቀርብላቸው ሂሳቡ 108 ዩሮ ነው። የሚመዘነውም ጥሬው፣ ከነራሱና ከነአጥንቱ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የሚበላው ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው ከነአጥንቱ ከ400 እስከ 500 ግራም ይበቃል። ጥሩ ቤት ጥሬውን ዓሣ በትሪ ይዞ ወደ ገበታው ይመጣል፤ ያኔ «ስንት ይመዝናል?» ይበሉ። ዓይኑ ጉብ ያለና የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ከሆነ ነገሩ አልቋል።

ከዋጋው ቀጥሎ አመጣጡ። «ደ ሊኝ» ማለት በመንጠቆ የተያዘ ነው፤ በመረብ እንደተጎተተው ሥጋው አልተጨፈለቀም። «ደሌቫዥ» ማለት የእርባታ ነው፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን በመንጠቆ ዋጋ መሸጥ የለበትም። ሜኑው ሁለቱንም ካልጻፈ ይጠይቁ። ባር እና ሉ ደግሞ አንድ ዓሣ ናቸው፤ በአትላንቲክ በኩል ባር፣ በሜዲትራኒያን በኩል ሉ ይሉታል። ሁለት ዓይነት መስሏቸው ለማነጻጸር ሁለቱንም የሚያዙ አሉ።

ከነዚህ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመከረው ሶል ሙኒዬር ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ሶሉ በዱቄት ይለወሳል፣ በቅቤ ይጠበሳል፣ ከዚያ አዲስ ቅቤ የለውዝ ሽታ እስኪያመጣ ድረስ ቡናማ ሆኖ ከሎሚና ከፓርስሊ ጋር ይፈስበታል። በዚህ ቅለት ውስጥ መሸሸጊያ የለም። ዱቄቱ ቀድሞ ተለውሶ ከቆየ ይላቁጣል፣ ቆዳው አይደርቅም፤ ቅቤው አንድ ደቂቃ ካለፈበት ቡናማነቱ ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ ይመራል። ከሳህኑ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ጥፋቱ የዓሣው አይደለም፣ የቅቤው ነው።

አስተናጋጁ ገበታው ጎን ቆሞ አጥንቱን ሲያወጣ ይመልከቱ፤ ከከፈሉበት ነገር አንዱ ይህ ነው። ሁለት ማንኪያ ብቻ ይይዛል። መጀመሪያ በዓሣው ግራና ቀኝ ያለውን የክንፍ እሾህ በማንኪያው ጠርዝ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቀጥሎ ከራስ እስከ ጅራት መሐል ለመሐል መስመር ያወርዳል። የላይኞቹን ሁለት ቁራጮች ወደ ጎንና ጎን ይገለብጣል። ያኔ አጥንቱ እንደ ማበጠሪያ ብቻውን ይቀራል፤ ከጅራቱ በኩል አንሥቶ ሳይሰበር ያወጣዋል። ከሥሩ ሌሎች ሁለት ቁራጮች አሉ። አራቱን ወደ ሳህን መልሶ ቅቤውን ያፈስባቸዋል። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አጥንቱ ላይ ሥጋ ተጣብቆ ከቀረ ዓሣው ገና አልበሰለም፤ በራሱ ከወለቀና ከተበታተነ አልፎበታል።

እዚህ ላይ የኛ ሰው ብዙ ጊዜ ይጣላል። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ተልትሎ በዘይት ድርቅ ተደርጎ የተጠበሰ ቆሮሶ የለመደ አፍ፣ አጥንቱ ሥር ሮዝ ሆኖ የመጣን ቱርቦ «ጥሬ ነው» ብሎ ይመልሳል። ፈረንሳዮች ግን ሆን ብለው ነው እንዲህ የሚያወጡት፤ ሥጋው ገና ዕንቁ መሳይ ብርሃን እያለው ከእሳት ይወርዳል። ካልወደዱት ሲያዙ «ቢያን ኩዊ» ይበሉ፤ በደንብ ይብሰል ማለት ነው። ከመጣ በኋላ መመለስ ግን ዓሣውን ያደርቀዋል። ሚጥሚጣ የሚያምርዎት ከሆነም አይጠብቁ፤ እዚህ ቅመም ማለት ጨው፣ ሎሚና ቅቤ ነው።

ቡያቤስ፦ ለሱ ማርሴይ መሄድ አለብዎ

በፓሪስም በኒው ዮርክም ቡያቤስ የሚል ሜኑ አለ። አብዛኛው የዓሣ ሾርባ ነው፤ ሊጣፍጥም ይችላል፣ ቡያቤስ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የማርሴይ ምግብ ቤቶች ይህንኑ ለመለየት ቻርተር አወጡ። ቢያንስ አራት ዓይነት ዓሣ ከተወሰነው ዝርዝር መኖር አለበት፤ ከነዚህ መካከል እሾሃሙ ራስካስ፣ ጋሊኔት፣ ሰን-ፒዬር፣ ቪቭ፣ ሎትና ኮንግር ይገኛሉ። ሾርባውና ዓሣው በተለያየ ዕቃ ይቀርባሉ፤ ዓሣው የሚቆራረጠውም እንግዳው ፊት ነው። ሽሪምፕና ሙል የተጫነበት፣ ዓሣው አስቀድሞ ተበጣጥሶ አንድ ሳህን ውስጥ የተቀላቀለበት ከመጣ ስሙን ብቻ ነው የያዘው።

መልኩ ወርቃማ ቡናማ ነው፤ ከሳፍሮን፣ ከቲማቲም፣ ከእንስላል ዘርና ከነጭ ሽንኩርት ይመጣል። ውፍረቱ ከክሬም ወይም ከዱቄት አይደለም። የወይራ ዘይቱና መረቁ በኃይል ሲፈላ እርስ በርስ ይዋሃዳሉ። በዝግታ ከተንተከተከ ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ሾርባዎ ላይ የዘይት ዓይን ብዙ ካዩ ወጥ ቤቱ እሳቱን ፈርቶታል። ነጭ ሽንኩርት በታሸበት ደረቅ ዳቦ ላይ ሩዪ ይቀባል፤ ሩዪ ሳፍሮንና ቃሪያ ያለበት፣ በእንቁላል አስኳልና በወይራ ዘይት የተመታ ስልስ ነው። ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ጣል አድርገው ወዲያው ይብሉት፤ ሲቆይ ይሟሟል።

ቫሎን ዴዞፍ በምትባለው ትንሽ ወደብ ያለው ሼ ፎንፎን በዚህ ስሙ የወጣ ቤት ነው። ቡያቤስ ዋጋው በሰው ነው፤ ብዙ ቤቶች ለአንድ ሰው አይሠሩም፣ ቢያንስ ለሁለት ይላሉ፤ ከአንድ ቀን በፊት ማሳወቅም ደንብ ነው። ብቻዎን የሚጓዙ ከሆነ ይህን ገበታ ከምርጫ ያውጡት፣ ወይም ለአንድ የሚሠራ ቤት አስቀድመው በስልክ ያረጋግጡ። ሾርባው እየተጨመረ ስለሚመጣ ከፊቱ ሌላ ማስጀመሪያ ማዘዝ ብክነት ነው። ምሳ ላይ ይሻላል፤ ማታ ይከብዳል።

የሼፉ ሜኑ፦ ምርጫውን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት

የዚህ አራተኛው ገበታ ምሳሌ ኒው ዮርክ ያለው ለ በርናርዳን ነው። ማጊ ለ ኮዝ እና ወንድሟ ጂልቤር እ.ኤ.አ. በ1972 ፓሪስ ከፈቱት፣ በ1986 ወደ ኒው ዮርክ አመጡት። ጂልቤር በ1994 ሲያርፍ ወጥ ቤቱን ኤሪክ ሪፔር ተረከበ። ሚሸሊን የኒው ዮርክን መመሪያ ማውጣት ከጀመረበት ከ2005 አንሥቶ ሦስት ኮከብ ይዞ ቆይቷል። የሜኑው አከፋፈል ራሱ ትምህርት ነው፤ «ጥሬ ማለት ይቻላል»፣ «እሳት የነካው ያህል» እና «ለስለስ ብሎ የበሰለ» በሚል ዓሣውን በእሳቱ መጠን ይመድበዋል።

እዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከየክፍሉ እርስዎ እየመረጡ አራት ሳህን በቁርጥ ዋጋ የሚበሉበት፣ ሌላው ሼፉ የወሰነው ረጅሙ ሜኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ረጅሙ ትናንሽ ሳህኖች በተከታታይ የሚመጡበት ስለሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ አምስተኛው ሳህን ላይ አፍ ይደክማል። ጓደኛ ጋር ወሬ ለመጫወት ነው የሚሄዱት? ያኔ አስተናጋጁ በየሳህኑ እየመጣ ሲያስረዳ ጨዋታዎ ይቆራረጣል። በቤቱ ላውንጅ ደግሞ በነጠላ ሳህን ማዘዝ ይቻላል፤ ጣዕሙን ለማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ያ ይበቃዋል።

ከሌሎቹ ሦስት ገበታዎች በተለየ እዚህ የሚበላሸው ነገር ዓሣው አይደለም፤ ያልተነገረ ነገር ነው። አይስማማኝም፣ አልበላም የሚሉት ነገር ካለ ቦታ ሲይዙ ካልተናገሩ ሼፉ ስልሱን ከጠዋት ሠርቶታል። ሁለተኛ፣ በሜኑው ውስጥ ካቪያር ወይም ሎብስተር ሲመርጡ ተጨማሪ ክፍያ ይኖራል፤ ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁጥር ያንብቡ። ሦስተኛ፣ ለየሳህኑ የሚቀዳው ወይን ሂሳቡን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይሰቅለዋል፤ አንድ ብርጭቆ ሻብሊ ወይም ሙስካዴ ለብቻ ማዘዝ ይቻላል፣ ማንም አይቀየምም።

ሂሳቡ ሲመጣ

በፈረንሳይ ሜኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግብርና የአገልግሎት ክፍያ ያካተተ ነው። 100 ዩሮ ያለው 100 ዩሮ ነው፤ ጉርሻ ከሰጡ በፈቃድዎ ነው፣ ጥቂት ዩሮ በቂ ነው። ኒው ዮርክ ላይ 100 ዶላር ያለው ሜኑ 8.875 ከመቶ ግብርና 20 ከመቶ ጉርሻ ሲጨመርበት 128 ዶላር ከ88 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ሁለቱን ከተሞች የሚያነጻጽር ሰው ይህን ሳያሰላ «ፓሪስ ተወዷል» ባይል ጥሩ ነው። ቃሉም ያምታታል፤ «አንትሬ» በፈረንሳይ ማስጀመሪያ ነው፣ በአሜሪካ ዋና ምግብ። በፈረንሳይ «ሜኑ» ማለት በቁርጥ ዋጋ የተዘጋጀው ነው፤ በነጠላ የሚመረጥበት ዝርዝር «ካርት» ይባላል። የሥራ ቀን ምሳ ላይ ያው ወጥ ቤት ከእራቱ እጅግ ባነሰ ዋጋ ሜኑ ያወጣል፤ ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው እራቱን ትቶ ምሳውን ይያዝ። ውኃ ሲጠየቁ «ካራፍ ዶ» ካሉ የቧንቧ ውኃ በነጻ ይመጣል። ሂሳብ ደግሞ ካልጠየቁ አይመጣም፤ ረስተውዎት አይደለም፣ ማባረር እንዳይመስል ነው።

ለጾመኛው፣ አልኮል ለማይቀምሰውና ለሚጠነቀቀው

በዘሌዋውያን 11 ላይ ያለውን «ክንፍና ቅርፊት» የሚጠብቅ ሰው፣ የኛም ቤት ይሁን እስራኤል ያለው ወገን፣ ፕላቶውን በሙሉ ማለፉ ነው፤ ኦይስተር፣ ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ ሎብስተር ሁሉም ይወጣሉ። ቡያቤስም ውስጥ ሎትና ኮንግር ቅርፊት የላቸውም፤ ዓሣዎቹ አብረው ስለሚፈሉ «እሱን አውጡልኝ» ማለት ዋጋ የለውም። ቱርቦም በቆዳው ላይ ያለው የአጥንት ጉብጉብ እንጂ ቅርፊት አይደለም። የሚቀሩት ሶል፣ ባር፣ ዶራድና ሩዤ ናቸው፤ እነሱ ግን ለመጥገብ ይበቃሉ። በእስራኤል የኮሸር ጥብቅ ሥርዓት ለሚከተል ሰው ዓሣው ብቻ ሳይሆን ወጥ ቤቱም መፈቀድ ስላለበት የዓሣው ዓይነት ብቻውን መልስ አይሆንም።

በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ እሱን ለየቤቱ እንተወው። የሚበላው ግን የፈረንሳይ ወጥ ቤት በቅቤ የሚተነፍስ መሆኑን ይወቅ። ሶል ሙኒዬር ቅቤ ነው፣ በር ብላን የሚባለው ስልስ ቅቤ ነው፣ «የተጠበሰ» የተባለው ዓሣ እንኳ መጨረሻ ላይ ቅቤ ይቀባል። በወይራ ዘይት የሚሠራው የደቡቡ ነው። ቡያቤስ ቅቤ የለበትም፣ ሩዪው ግን እንቁላል አለው። ቅርፊትንም ጾምንም አንድ ላይ ለሚጠብቅ ሰው ከሁሉ የሚቀለው በወይራ ዘይትና በሎሚ ከነአጥንቱ የተጠበሰ ዶራድ ወይም ባር ነው።

አልኮል የማይቀምስ ሰው የወይን ብርጭቆውን መተው ብቻ አይበቃውም። በር ብላን በነጭ ወይን ይጀምራል፤ ሙል ማሪኒዬር በወይን ይፈላል፤ አሜሪኬን የሚባለው የሎብስተር ስልስ ኮኛክ አለበት። የቀለጠ ቡናማ ቅቤ፣ ሎሚና የወይራ ዘይት ግን ነጻ ናቸው።

ነፍሰ ጡር፣ የጉበት ሕመም ወይም የደከመ የበሽታ መከላከያ ያለው ሰው ጥሬ ኦይስተር አይብላ፤ ቤቱ የቱንም ያህል ቢከበር በኦይስተር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ኮከብ አይቆጥርም። ጥሬ ሆኖ የሚቀርብ የባሕር ዓሣ በአውሮፓ ሕግ፣ ከጥቂት ዓይነቶች በቀር፣ ትሉን ለመግደል ቢያንስ 24 ሰዓት በ20 ዲግሪ ወይም 15 ሰዓት በ35 ዲግሪ ከዜሮ በታች መቀዝቀዝ አለበት፤ «ፍሪዝ ያልገባ ነው» ብሎ የሚመጻደቅ አስተናጋጅ ካጋጠመዎ የበሰለውን ይዘዙ። በአለርጂ በኩል የአውሮፓ ሕግ ዓሣን፣ ሽሪምፕና ሸርጣን ያሉበትን ክሩስታሴን፣ ኦይስተርና ሙል ያሉበትን ሞሊስክን ለየብቻ ይቆጥራል፤ «የባሕር ምግብ አይስማማኝም» ማለት ብዙም አይረዳም፣ የትኛው እንደሆነ ይናገሩ። ቦታ ሲይዙ በስልክ ላይ ሦስት ሐረግ ይበቃል፤ «ሳን በር» ያለ ቅቤ፣ «ሳን ቫን» ያለ ወይን፣ «ሳን ክሩስታሴ» ያለ ሽሪምፕና ሸርጣን። ገበታው ላይ ሲቀመጡ ደግመው ይበሉት፤ ስልኩን ያነሣው ሰውና የሚያስተናግድዎ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።